የአራት ፔኒ አልጋ

ምሥራቅ ለንደን፣ ዋይትቻፕል አካባቢ የሚኖር ሰው ሁለት ነገር ይለምዳል። አንዱ ከብሪክ ሌን ምግብ ቤቶች የሚመጣው የካሪ ሽታ ነው። ሌላው ምሽት ምሽት መንገድ የሚዘጋው ሕዝብ ነው። ሽታው ደግ ነው፤ ያስርባል እንጂ አያስቆምም። ሕዝቡ ግን ያስቆማል።

ቀኑን ሙሉ ሲለፋ የዋለ ሰው በአንድ እጁ ሽንኩርት፣ በሌላው ዘይት አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ሲጣደፍ፣ ሠላሳ የሚሆን ሰው የእግረኛውን መንገድ ሞልቶ ባዶ ግድግዳ ላይ አፍጦ ያገኛል። «ይቅርታ፣ አሳልፉኝ» ይላል። የሚሰማው የለም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲደግም አንዷ ዞር ብላ «እሽ! ዝም በል» ትለዋለች። በገዛ ሰፈሩ፣ ኪራይ በሚከፍልበት!

ከሕዝቡ ፊት ረጅም ጥቁር ባርኔጣ የደፋ፣ ካባ የደረበ ሰው ቆሟል። ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ሰዉ ይጠጋል፤ ከፍ ሲያደርግ ሰዉ ይደነግጣል። በእጁ የያዛት ትንሽ ፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ያረጀ ፎቶግራፍ ታበራለች። ሰውየው አስጎብኚ ነው። የሚያስጎበኘው ደግሞ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ያውም ማን እንደሆነ ያልታወቀ።

ጃክ ዘ ሪፐር ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1888፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ዙፋን ላይ ሳሉ፣ ከኦገስት 31 እስከ ኖቬምበር 9 ባሉት አሥር ሳምንታት ውስጥ አምስት ሴቶችን በቢላ ገደለ፤ ሳይያዝም ቀረ። ቁጥሩን ከዚህ ከፍም ዝቅም የሚያደርጉ አሉ፤ ብዙዎቹ የሚስማሙት ግን በአምስት ነው።

እኛ ዘንድ ሰው የተገደለበት ቦታ ሲመሽ አይታለፍም። ማለፍ ግድ ከሆነም አማትቦ እርምጃን ማፍጠን ነው። እዚህ ግን ሰው ትኬት ቆርጦ፣ እስኪመሽ ጠብቆ፣ መጥቶ ይገተራል። ዝናብ ካካፋማ እሰየው ነው። አንዱ ቡድን ሳይጨርስ ሌላው ከደረሰ ማዕዘኑ ላይ ተራ ይጠብቃል፤ የሞት ቦታም ወረፋ አለው።

ችግሩ፣ የሚታይ ነገር የለም። የመጀመሪያዋ ሟች ሜሪ አን ኒኮልስ የወደቀችበት መንገድ ዛሬ ስሙ ተቀይሮ ደርዋርድ ስትሪት ሆኗል፤ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። አኒ ቻፕማን የተገደለችበት የሃንበሪ ስትሪት 29 ቁጥር ቤት ፈርሶ የቢራ ፋብሪካ ሕንፃ ተሠርቶበታል። ኤልዛቤት ስትራይድ የሞተችበት ግቢ ላይ ዛሬ ትምህርት ቤት አለ፤ ቀን ቀን ልጆች ይሯሯጡበታል። ሜሪ ጄን ኬሊ የኖረችበት ዶርሴት ስትሪት እስከነስሙ ጠፍቷል። ካትሪን ኤዶውስ የተገኘችበት ማይተር ስኩዌር አደባባይነቱን ባይለቅም፣ ዙሪያውን የከበቡት ሕንፃዎች ያን ዘመን አያውቁትም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው።

የሚታይ ሲጠፋ ወሬ ቦታውን ይሞላል። የገዳዩ ስም ራሱ ከወሬ የተገኘ ነው። ሴፕቴምበር 25 ቀን 1888 ተብሎ ቀን የተጻፈበት፣ በቀይ ቀለም የተከተበ ደብዳቤ ለአንድ የዜና ወኪል ደረሰ። መጨረሻው ላይ «ጃክ ዘ ሪፐር» የሚል ፊርማ ነበረበት። ደብዳቤውን የጻፈው ገዳዩ ሳይሆን ገበያ የሚፈልግ ጋዜጠኛ ነው ብለው ያመኑ የፖሊስ ሹማምንት ነበሩ። ነገሩ እነሱ እንዳሉት ከሆነ ሰውየውን ክርስትና ያነሣው ጋዜጣ ነው። ክርስትና አባቱም ባለውለታው ሆኖ ቀረ፤ ያለዚያ ስም ዛሬ ማንም ትኬት አይቆርጥለትም ነበር።

ተጠርጣሪዎቹ ዛሬ ከመቶ በላይ ሆነዋል። ጠበቃ አለበት፣ ሠዓሊ አለበት፣ የንግሥቲቱ ሐኪም አለበት። የሕፃናት መጽሐፍ ደራሲው ሉዊስ ካሮል እንኳ አልተረፈም። የንግሥቲቱ የልጅ ልጅ ልዑል አልበርት ቪክቶርም አለበት፤ ሁለት ሴቶች በአንድ ሌሊት በተገደሉ ጊዜ ልዑሉ ስኮትላንድ እንደነበር ተመዝግቦ ሳለ። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም እንጂ ቢጫን ኖሮ ዋይትቻፕል የአህያ በረት በሆነች። ልብ በሉ፣ ዓመት በጨመረ ቁጥር የተጠርጣሪው ማዕረግም ይጨምራል። ስሙን የማያውቁት የሰፈር ድሃ ገደለ ቢባል ማን ሁለት ሰዓት በብርድ ይቆማል?

በጊዜው ግን ጣት መጀመሪያ የተቀሰረው ወደ ቤተ መንግሥት አልነበረም። ሰፈሩ ከሩሲያና ከፖላንድ በተሰደዱ አይሁዶች ተሞልቶ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሥራ የእኛ ሰው አይሠራም፣ የመጤ ነው ተባለ። «ባለ ቆዳ ሽርጡ» የሚባል ሰው ተፈለገና ጆን ፓይዘር የተባለ አይሁዳዊ ጫማ ሠሪ ተያዘ። ያዳነው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ኒኮልስ በተገደለችበት ሌሊት ወደቡ ላይ እሳት ተነሥቶ ነበር። ፓይዘር ከሩቅ ቆሞ የሰማዩን ቅላት እያየ ከአንድ ፖሊስ ጋር ሲጨዋወት ነበር! ምስክር ካልቀረ እንዲህ ያለውን ይስጥ ነው። በሰው አገር የሚኖር ሁሉ ይቺን ታሪክ ሲሰማ ይስቃል፤ ከዚያ መታወቂያው ኪሱ ውስጥ መኖሩን ይዳስሳል።

አንድ ሌሊት ደግሞ ጉልስተን ስትሪት ላይ አይሁዶችን የሚያነሣ የጠመኔ ጽሑፍ ተገኘ። የፖሊስ አዛዡ ሰር ቻርልስ ዋረን ንጋት ላይ ሕዝብ አይቶት በአይሁዶች ላይ እንዳይነሣ ፈርተው፣ ፎቶግራፍ እንኳ ሳይነሣ አስጠፉት። በዚህ የተነሣ ዛሬም አስጎብኚዎች ይወቅሷቸዋል። እኔ ግን ከሥራቸው ሁሉ የማመሰግንላቸው ይህንኑ ነው።

ትልቋ አክስቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር። አንድ ምሽት ከገበያ ስንመለስ እንደተለመደው መንገዱ ተዘጋ። «ይኼ ሁሉ ሰው ምን አግኝቶ ነው የቆመው? የሚታደል ነገር አለ እንዴ?» አሉ። ነገርኳቸው። ማየት አለብኝ ብለው ድርቅ አሉ፤ በማግስቱ ትኬት ተቆረጠ።

አክስቴ የለቅሶ ሰው ናቸው። ማን መቼ እንደሞተ፣ ማን እንደቀበረ፣ ተዝካሩ እንዴት እንደወጣ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ በሰፈሩ የለም። አስጎብኚው ስለ ቢላው ርዝመት፣ ስለ ቁስሉ ጥልቀት፣ ገዳዩ ግራኝ ይሁን ቀኝ ሲያብራራ እኔ እየቆራረጥኩ እተረጉማለሁ፤ እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው በአክብሮት ይሰማሉ። መጨረሻ ላይ «ጥያቄ ያለው?» ሲል እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ እስቲ ጠይቅልኝ። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ልጆች ነበሯት?»

ጠየቅኩ። አስጎብኚው ትንሽ አሰበ። «አምስት» አለ።

«ውይ በሞትኩት! ማን አሳደጋቸው?»

ይህን አላወቀም። ፋይሉን ገለጥ ገለጥ አደረገ፤ ውስጡ ያለው የአስከሬን ፎቶግራፍና የተጠርጣሪ ሥዕል ነው።

«እሺ፣ እድር ነበራቸው?»

እዚህ ላይ አስተርጓሚው ተጨነቀ። እንደምንም አስረዳሁት። የሚገርመው፣ ጥያቄው የዋህ አልነበረም። በዚያ ዘመን የለንደን ድሆች በየሳምንቱ ሳንቲም እያዋጡ የሚቀባበሩበት ማኅበር ነበራቸው። በመንግሥት ወጪ መቀበር ከሞት የባሰ ውርደት ነበርና ዳቦ ጎድሎባቸውም መዋጮዋን አያስቀሩም ነበር። ስትራይድ የተቀበረችው በዚያ በሚፈራው በአጥቢያው ወጪ ነው። ኤዶውስን አንድ ቀባሪ ከራሱ ኪስ አውጥቶ ቀበራት። ኬሊን ያስቀበራት አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። የቻፕማን ዘመዶች ሕዝብ እንዳይከተል ተደብቀው ቀበሯት። ይህ ሁሉ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ባርኔጣው ውስጥ ግን አልነበረም።

አክስቴ አልጨረሱም። «የገዳዩን ስም ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም፤ ማንም አያውቀውም» አለ አስጎብኚው፣ ወደሚያውቀው መስመር በመመለሱ ደስ ብሎት።

«ታዲያ የሚታወቁትን ሴቶች ትተህ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለማታውቀው ሰው ነው እንዴ የምታወራው?»

ስተረጉም ትንሽ ማር ቀባሁበት። ልጁ ግን አልሞኘም፤ የገባው ይመስለኛል። ፊቱ ከካባው ቀይ ገበር ጋር ተመሳሰለ።

እውነትም አንዴ ዓይንን ከቢላው ላይ ካነሡት ሌላ ነገር ይታያል። ያኔ ቤት የሌለው የምሥራቅ ለንደን ሰው የሚያድረው አልጋ በሌሊት በሚከራይባቸው ማደሪያ ቤቶች ነበር። ሒሳቡ የታወቀ ነው፤ ለአንድ ሰው አልጋ አራት ፔኒ፣ ለጥንድ ስምንት። ዱቤ የለም። አራት ፔኒ ያልያዘ መንገድ ላይ ነው።

የ43 ዓመቷ ኒኮልስ በዚያ ሌሊት አራት ፔኒ ስላልነበራት ከማደሪያው ወጣች። አዲስ ባርኔጣ አድርጋ ነበርና ገንዘቡን ቶሎ እንደምታገኝ እየሳቀች ተናግራ ሄደች። የአልጋዋን ሒሳብ በዕለቱ ሦስት ጊዜ አግኝታ ሦስት ጊዜ እንደጠጣችው ለወዳጇ የነገረችውም እሷው ናት። የ47 ዓመቷ ቻፕማን ታማ ነበር። የአልጋዋ ሒሳብ ስላልሞላ፣ ቦታዋን ለሌላ እንዳያከራዩባት አደራ ብላ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ወጣች። ስዊድናዊቷ ስትራይድ በሞተችበት ዕለት የማደሪያውን ክፍሎች አጽድታ ስድስት ፔኒ ተከፍሏት ነበር።

ኤዶውስ ከወዳጇ ጋር ኬንት ወርዳ፣ ለቢራ የሚሆነውን ጌሾ ለቅማ ባዶ እጇን ተመልሳለች። ከመሞቷ ሁለት ቀን በፊት ሁለቱ ስድስት ፔኒ አገኙ። አራቱን ለእሱ አልጋ ሰጥታ፣ እሷ ሁለቱን ይዛ ወደ ድሆች መጠለያ ሄደች። በመጨረሻው ምሽት ሰክራ ተገኘችና ፖሊስ ጣቢያ ገባች። እስኪነጋ ቢያቆዩአት ኖሮ በነፃ አልጋ ባደረች ነበር። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ለቀቋት፤ ከአርባ አምስት ደቂቃ በኋላ ማይተር ስኩዌር ላይ ሬሳዋ ተገኘ። ገዳይ ሲያረፋፍድ ሟች ይገሰግሳል የሚባለው ለእሷ የተተረተ ይመስላል።

የመጨረሻዋ ኬሊ ወጣት ናት፣ 25 ገደማ። ከአምስቱ የራሷ ክፍል የነበራት እሷ ብቻ ነበረች፤ ቤት ውስጥ የተገደለችውም እሷ ብቻ። የክፍሏ ኪራይ በሳምንት አራት ሺሊንግ ከስድስት ፔኒ ሲሆን፣ 29 ሺሊንግ ውዝፍ ነበረባት። ጠዋት በመስኮት አሻግሮ አይቶ ሬሳዋን ያገኘው ፖሊስ አይደለም፤ ዘመድም አይደለም። የክፍሉ ባለቤት ኪራይ እንዲጠይቅ የላከው ሰው ነው።

እንግዲህ አንድ ክፍል ለአምስት ተካፍሎ ለንደን የኖረ ሐበሻ ይህን ሲሰማ ገዳዩን ለመፈለግ ብዙ አይደክምም። ቢላ የያዘው ማን እንደሆነ ባይታወቅም፣ ሴቶቹን ከነሕመማቸው በውድቅት ሌሊት ከበር ያስወጣው ግን በዋጋ ዝርዝር ላይ በግልጽ ተጽፎ ነበር። ደራሲው በርናርድ ሾ ግድያው ገና ሳያበቃ ለአንድ ጋዜጣ በጻፈው ደብዳቤ ይህንኑ ተሳልቆበታል። እኛ ስለ ድህነት ስንት ዘመን ለፍፈን ያላገኘነውን ጆሮ አንድ ነፍሰ ገዳይ በጥቂት ሳምንት አገኘው የሚል ነበር መንፈሱ።

ሒሳብ ከተነሣ አይቀር፣ በዚያ ዘመን አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ነበር። በአራት ፔኒ ሲካፈል ስልሳ ሌሊት ያሳድራል። የዛሬ የጉብኝት ትኬት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ፓውንድ አያንስም። የገንዘቡ ዋጋ በዘመን ብዛት መውደቁን አላጣሁትም፤ ቁጥሩ ግን ያሳፍራል።

አስጎብኚዎቹን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው፤ ንግዱን የጀመሩት እነሱ አይደሉም። ቻፕማን ከተገደለች ገና ሰዓታት ሳያልፉ የሃንበሪ ስትሪት ጎረቤቶች ግቢውን ቁልቁል ለሚያይ ሁሉ መስኮታቸውን በሳንቲም አከራዩ። ከበሩ ላይ ፍራፍሬ ሻጮች ተሰለፉ። ለሴትዮዋ አልጋ የሚሆን አራት ፔኒ የጠፋበት ሰፈር፣ የሞተችበትን ቦታ ለማየት ሳንቲም አላጣም። የሞተ ተጎዳ።

ከዚያማ ልጓም የለም። ቴን ቤልስ የሚባለው መጠጥ ቤት ከ1976 እስከ 1988 ስሙን ለውጦ «ጃክ ዘ ሪፐር» ተብሎ ነበር፤ ሴቶች ተቃውመው ነው ስሙ የተመለሰው። በ2015 ኬብል ስትሪት ላይ ሙዚየም ሊከፈት ነው ተባለ፤ ለፈቃድ የቀረበው ወረቀት የምሥራቅ ለንደን ሴቶች ታሪክ ሙዚየም ይላል። ሲከፈት የጃክ ዘ ሪፐር ሙዚየም ሆኖ ተገኘ! ነዋሪው ደጁ ላይ ወጥቶ ጮኸ።

የምሥራቅ ለንደን ሴቶች ታሪክ ጠፍቶ አይደለም እኮ። ግድያው ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው፣ በዚያው በ1888 ጁላይ፣ ከዋይትቻፕል እምብዛም በማይርቀው ቦው 1,400 የሚሆኑ የክብሪት ፋብሪካ ሴቶችና ልጃገረዶች ሥራ አቁመው ወጡ። ክብሪቱ የሚሠራበት ፎስፈረስ የሠራተኛ መንጋጋ ያበሰብስ ነበር። አድማው ተሳካላቸው።

በዚያው በቦው የእኛም ሰው አለች። ሲልቪያ ፓንክኸርስት የሴቶችን የምርጫ መብት ትግል ወደዚህ ድሃ ሰፈር አምጥታ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንድ መጠጥ ቤት ወደ ሕፃናት ማቆያና ክሊኒክ ለወጠችው። ጣሊያን አገራችንን ከወረረች በኋላ በ1936 «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የሚባል ጋዜጣ አቋቁማ ስትሟገትልን ኖረች። በ1960 አዲስ አበባ ሞታ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብራለች። አንዷ መጠጥ ቤት የሕፃናት ማቆያ አደረገች፤ ሌሎች መጠጥ ቤቱን በነፍሰ ገዳይ ስም ጠሩት። ምሽት ላይ የትኛው ዘንድ ሕዝብ እንደሚሰበሰብ እኔና ሽንኩርቴ እናውቃለን።

ነገሩ ግን እየተለወጠ ነው። ሃሊ ሩበንሆልድ በ2019 ባወጣችው «ዘ ፋይቭ» በተባለው መጽሐፏ አሟሟታቸውን ትታ አኗኗራቸውን ተከተለች። አምስቱም ሴተኛ አዳሪዎች ነበሩ የሚለው የቆየ ወሬ ለሦስቱ ማስረጃ እንደሌለው ጻፈች። አንዳንዶቹ ተኝተው ሳለ ሳይገደሉ እንዳልቀሩም ተከራከረች፤ በአራት ፔኒ እጦት ደጅ ያደረ ሰው መተኛቱ አይቀርም። ክርክሯን ያልተቀበሉ አሉ፤ መጽሐፉ ግን ትልቅ ሽልማት አግኝቷል፤ ከአስጎብኚዎቹም ባርኔጣውን አውልቀው ስለ ሴቶቹ ሕይወት መተረክ የጀመሩ አሉ። በዚያ ዘመን የተሠራውን የቻርልስ ቡዝን የለንደን የድህነት ካርታ ዘርግተው፣ ባለጠጋው ጎዳና በቢጫ፣ የመጨረሻው ድሃ በጥቁር መቀባቱን የሚያሳዩ አሉ። እንዲህ ያለው ጉብኝት መንገድ ቢዘጋብኝም አልቀየምም።

ስለዚህ ለንደን ለምትመጡ ወገኖቼ አንድ አደራ አለኝ። ዘመድ ጋብዟችሁ ወይም ራሳችሁ ፈልጋችሁ ወደዚህ ጉብኝት ከሄዳችሁ፣ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት አስጎብኚውን የገዳዩን ስም አትጠይቁት፤ አያውቀውም። አልጋው ስንት እንደነበር ጠይቁት። «አራት ፔኒ» ብሎ ከመለሰላችሁ ተከተሉት። ካላወቀ ሌላ ፈልጉ።